የቆሰለው ሲጋል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፣ ምን ላርግ? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ጠዋት ባህር ዳርቻ ስንሄድ አንድ ትልቅ ሲጋል ሚባለው የባህር ወፍ አሸዋ ላይ ተቀምጦ አገኘን፣ ስንጠጋው ሊሮጥ ይሞክራል ግን ግራ ክንፉ መሬት ይጎተታል፣ አንዱ እግሩ ላይ ደሞ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞበታል። ልጆቼ አለቀሱ፣ ትተነው መሄድ አልቻልንም፣ በሹራብ ጠቅልለን ቤት አመጣነውና መታጠቢያ ቤት አስገባነው። ይኸው ሁለት ቀኑ። ዳቦ በወተት ነክረን ሰጠነው አልነካውም፣ ውሃም እምቢ ሲለኝ አፉን ከፍቼ በማንኪያ ጠብ ጠብ አረግኩለት። አሁን ግን በጣም ሰው ለምዷል፣ ልጆቹ ሲደባብሱት ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ይላል። ክንፉን በእንጨት ደግፌ ልሰርለት ብዬ ፈራሁ። ምን ላርግ? መቼስ ነው ልለቀው ምችለው?
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ላንቺ መልሱን በዛኑ ቀን ለብቻ ልከንልሻል፣ እዚ ያወጣነው ተመሳሳይ ጥያቄ ከብዙ ሰው ስለሚመጣ ነው። አይተሽው ዝም ብለሽ አለማለፍሽ ትልቅ ነገር ነው፣ ከዚ በኋላ ምላቸው ነገሮች ወቀሳ እንዳይመስሉሽ፣ ማንም ሰው መጀመሪያ ሚያረገው አንቺ ያረግሽውን ነው።

ዋናውን ላስቀድም። ወፉ ዛሬውኑ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ማዕከል ወይ ደግሞ ወፍ ማከም የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ጋ መድረስ አለበት፣ ነገ አይባልም። በብዙ አገር የዱር ወፍ ያለ ፈቃድ ቤት ማቆየት በህግም ያስጠይቃል፣ ግን ህጉ ባይኖርም እኔ ምለው ያው ነው፣ የተሰበረ ክንፍ ራጅ ሳይነሳ ምኑ ጋ እንደተሰበረ ማንም በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም፣ አጥንቱ ደግሞ ቀን በቀን በተጣመመበት መያያዝ ይጀምራል።

"ለምዷል" ያልሽው ነገር በጣም ያሳስበኛል። አልለመደም። የባህር ወፍ ሰውን ሚያየው ሊበላው እንደመጣ አውሬ ነው፣ መሸሽ ሲያቅተው ያለው የመጨረሻ አማራጭ ደርቆ መቅረት ነው፣ ዓይኑን መጨፈኑ ወይ ድካም ነው ወይ ፍርሃት ወይ ሁለቱም። ወፎች ህመማቸውን ይደብቃሉ፣ ደካማ መሆኑን ያሳየ ወፍ በዱር ውስጥ ቶሎ ይበላል፣ ስለዚ በግልፅ መድከሙን ካየሽ በጣም ዘግይቷል ማለት ነው። ልጆቹ እንዳይነኩት፣ እንዳያዩትም ጭምር። ለነሱ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ ግን ለወፉ አሁን ትልቁ መድሀኒት ጨለማና ፀጥታ ነው። አየር ሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ፈልጊ፣ ወፉ ቆሞ መዞር ሚችልበት ይሁን፣ ስሩ ፎጣ አንጥፊ፣ ክዳኑን ዝጊና ቲቪም ውሻም ሰውም የሌለበት ክፍል አስቀምጪው። ገለባና ድርቆሽ ግን በፍፁም እንዳታነጥፊ፣ ለምን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ።

ስትይዢው ፎጣ ከላይ ጣል አርጊበት፣ ጭንቅላቱ ሲሸፈን ይረጋል፣ ክንፎቹን ወደ ሰውነቱ ሰብስበሽ ያዢ። ደረቱን ግን እንዳትጨብጪው። ወፍ እንደኛ ድያፍራም (ከሳንባ ስር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) የለውም፣ ሚተነፍሰው ፍርምባውን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ ነው፣ ደረቱን ጠበቅ አርገሽ ከያዝሽው አፍንጫውም አፉም ክፍት ሆኖ ታፍኖ ይሞታል። ለሌሎች አንባቢዎች ደሞ አንድ ነገር፣ ጋኔት፣ ኮርሞራንትና ፔሊካን ሚባሉት ዓሣ አዳኝ ወፎች ከውጪ ክፍት የሆነ የአፍንጫ ቀዳዳ የላቸውም፣ ሚተነፍሱት በአፋቸው ነው፣ ስለዚ "እንዳይነክሰኝ" ብሎ ምንቃራቸውን በፕላስተር ማሰር መግደል ነው። ጋኔት ቀጥታ ዓይን ነው ሚወጋው፣ መነፅር ሳታረጉ አትጠጉት።

ስለ ውሃው። ይሄን ስፅፍ አሁንም ያመኛል፣ እኔ መጀመሪያ ያነሳሁት የባህር ወፍ በእጄ ላይ ነው የሞተው፣ የጠማው መስሎኝ አፉን ከፍቼ በስሪንጅ ውሃ ሰጠሁት፣ ትን አለው፣ ደቂቃም አልቆየም። ያኔ ማላውቀው ነገር የወፍ የአየር ቱቦ ቀዳዳ ከምላሱ ኋላ፣ እዛው አፉ ውስጥ ክፍት ሆኖ ነው ያለው፣ ደካማ ወፍ አፍ ውስጥ ያፈሰስሽው ውሃ ደሞ ቀጥታ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ያንቺው እስካሁን ከቆየ ምናልባት ተርፏል፣ ግን ለሐኪሙ ውሃ እንደሰጠሽው ንገሪ፣ ሲተነፍስ ድምፅ ካለው ወይ አፉን ከፍቶ ጭራውን ከፍ ዝቅ እያረገ ከሆነ በተለይ ንገሪ። ዳቦና ወተቱን አንሺው። ወተት ወፍ አይፈጭለትም፣ ዳቦ ደሞ ለሱ ምንም አይጠቅመውም።

"ታዲያ በረሃብ ይሙት?" ትይኝ ይሆናል። እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው ሚሳሳተው፣ ቅደም ተከተሉ ላይ። መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ፈሳሽ፣ ምግብ መጨረሻ። ጤነኛ የባህር ወፍ የሰውነት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከኛ ይበልጣል፣ ከ38 በታች ከወረደ ቀዝቅዟል፣ የቀዘቀዘ ሆድ ደሞ ምግብ አይፈጭም፣ የሰጠሽው ዓሣ እዛው ይበሰብሳል። ደረቱን ቀስ ብለሽ በጣትሽ ዳስሺው፣ የፍርምባው አጥንት እንደ ቢላ ስለት ከወጣ ለብዙ ቀን አልበላም ማለት ነው፣ እንዲህ የከሳ ወፍ ድንገት ጠግቦ ሲበላ ደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ይዛቡና ራሱ ምግቡ ይገለዋል። ስለዚ አንቺ ማረግ ምትችይው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ ሙቅ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ካርቶኑ ውስጥ በአንድ በኩል ብቻ አስቀምጪለት፣ ሲሞቀው ወደ ሌላኛው ጥግ መሸሽ እንዲችል። አፉን ከፍቶ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከጀመረ አውጪው። ፈሳሹን ማዕከሉ ራሱ በሰውነቱ ሙቀት ልክ ያሞቀውን የጨውና የማዕድን ውህድ በቱቦ ቀጥታ ሆዱ ውስጥ ያስገባለታል፣ ከዛ የተፈጨ ዓሣ በቀጭኑ፣ ከዛ ወፈር ያለ፣ ከዛ ሙሉ ዓሣ። ይሄ ቀናት ይፈጃል፣ ማቋረጫ መንገድ የለውም።

እግሩ ላይ ያለውን ክር አትጎትቺ። ላላ ብሎ ሚወጣ ከሆነ በመቀስ ቆርጠሽ ማንሳት ይቻላል፣ ቆዳ ውስጥ የገባ ከሆነ ግን ተዪው፣ ከስሩ ያለው ስጋ ደም እያገኘ መሆን አለመሆኑን ሐኪም ነው ሚያየው። ክሩ ከአፉ ሚወጣ ቢሆን ኖሮ ጨርሶ እንዳትቆርጪው እልሽ ነበር፣ ምክንያቱም ጫፉ ላይ መንጠቆ ተውጦ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪሙ መንጠቆውን ተከትሎ ሚሄደው በዛ ክር ነው። ክንፉን ደሞ በእንጨት አትሰሪው፣ ፈርተሽ መተውሽ ትክክል ነው። ማዕከሉም ቢሆን ሚያረገው ክንፉን አጣጥፎ ለስለስ ባለ ፋሻ መጠቅለል ነው፣ እሱም ቢሆን ለብዙ ቀን ሳይፈታ አይቆይም፣ ከትከሻው እስከ አንጓው የተዘረጋው ስስ ቆዳ ኮምትሮ ይቀርና አጥንቱ ድኖ ክንፉ አልዘረጋ ይላል። ስለዚ በየጥቂት ቀኑ በማደንዘዣ አስተኝተው ክንፉን ቀስ ብለው ይዘረጉለታል። የወፍ አጥንት በፍጥነት ነው ሚይዘው፣ ጥሩ ከሄደ ሦስት ሳምንት ገደማ።

ጥሩ ካልሄደስ? ይሄንንም ልንገርሽ፣ ለልጆቹ እንዴት እንደምትነግሪያቸው አንቺ ታውቂያለሽ። ስብራቱ አጥንቱ መሀል ላይ ከሆነ ተስፋ አለ፣ የደረትና የትከሻ አጥንት ከሆነ አንዳንዴ እረፍት ብቻ ይበቃዋል። መገጣጠሚያው ላይ ከሆነ ወይ አጥንቱ ወጥቶ ከደረቀ ግን ዳግም አይበርም፣ ያኔ ብዙ ሐኪሞች ሳይሰቃይ እንዲያርፍ ማረጉን ይመርጣሉ። እኔም እስማማለሁ። ድሮ አልስማማም ነበር፣ ግን ዕድሜ ልኩን ባህር ላይ ለመንሳፈፍ የተሰራ ወፍ ሲሚንቶ ላይ ሲኖር ምን እንደሚሆን ካየሁ በኋላ ሀሳቤን ቀየርኩ፣ እግሩ ስር ይቆስላል፣ ፍርምባው ላይ ያለው ቆዳ ክብደቱ ተጭኖት ይቀደዳል፣ ላባው ይበላሻል። ለዚ ነው ማዕከሎች ውስጥ በተለይ የባህር ወፎችን የተወጠረ መረብ ላይ ሚያስቀምጧቸው፣ የመታጠቢያ ቤት ወለልም ለዚ ነው ማይሆነው። የገለባው ነገርም እዚ ጋ ይመጣል፣ አስፐርጂለስ ሚባል ፈንገስ አለ፣ ዘሩ እርጥብ ገለባና ድርቆሽ ላይ በብዛት ይገኛል፣ ንፁህ የባህር አየር የለመደ ሳንባ ሲገባ ደሞ መከላከል ያቅተዋል፣ ቁስሉ ድኖ ሊለቀቅ ጥቂት ቀን የቀረው ወፍ በዚ ፈንገስ ይሞታል። አንዳንድ ማዕከሎች ገና ሲገባ ጀምሮ ኢትራኮናዞል ሚባል የፈንገስ መድሀኒት ይሰጡታል።

መቼ ይለቀቃል ላልሽው፣ ክንፉ ሲድን አደለም። ክፍል ውስጥ ስለበረረ ጨርሷል ብሎ መልቀቅ ከባድ ስህተት ነው፣ ሚወስነው ላባው ነው። ገንዳ ውስጥ ያስገቡትና አንድ ሁለት ቀን ይጠብቃሉ፣ ከዛ አውጥተው ላባውን ገለጥ አርገው ያያሉ፣ ውሃው ከላይ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ሚወርድ ከሆነና ከስር ያለው ልስልሱ ላባና ቆዳው ደረቅ ከሆነ አለፈ። ትንሽ እርጥበት ካለ አላለፈም፣ ባህር ላይ ያቺ ትንሽ እርጥበት እስከ ቆዳው ትገባና ያቀዘቅዘዋል፣ ከዛ ወይ ወደ ዳርቻ ይመለሳል ወይ ይሰምጣል። ከዛ በተጨማሪ ክብደቱ ለዝርያው ሚሆን መሆን አለበት፣ ደሙ ተመርምሮ ደህና መሆን አለበት፣ ራሱ መብላት አለበት፣ በሰፊ አጥር ውስጥ በሁለቱም ክንፍ እኩል እየመታ መብረርና መነሳት መቻል አለበት፣ ሰው ሲያይ ደሞ መሸሽ አለበት። ይሄ የመጨረሻው ለብዙ ሰው ይከብዳል ግን ጥሩ ምልክት ነው፣ ሚሸሽሽ ወፍ ድኗል።

አንድ ነገር ሳልረሳ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ሹራቡንም በሙቅ ውሃ፣ ቤት ውስጥ ዶሮ ካለ በምንም መንገድ አይገናኙ። የወፍ ጉንፋን ኤች5ኤን1 በተለይ በ2022 እ.ኤ.አ. ጋኔቶችን ጨምሮ እጅግ ብዙ የባህር ወፎችን ገድሏል። ባህር ዳርቻ ላይ ብዙ የሞቱ ወፎች አብረው ከታዩ፣ ወይ ወፉ አንገቱ ከተጣመመ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ መቆም ካቃተው፣ ሳትነኩ ለሚመለከተው አካል መደወል ነው ያለባችሁ።

ጥያቄ፦ ጥቁር የመርከብ ዘይት የነካው ወፍ አግኝቼ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠብኩት፣ ንፁህ ሆነ ግን በማግስቱ ሞተ። ማዕከሎችም በዚሁ ሳሙና ነው ሚያጥቡት ሲባል ሰምቼ ነው። ምን አጠፋሁ?
ከወደብ አካባቢ

መልስ፦ ወንድሜ በጣም አዝናለሁ። ሳሙናውን በተመለከተ የሰማኸው እውነት ነው፣ ዘይት ለማስለቀቅ ከዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ የተሻለ ብዙም የለም። ያጠፋኸው ነገር ካለ ቀኑ ላይ ነው። ዘይት የነካው ወፍ ሲመጣ ቀድሞውኑ ቀዝቅዞ፣ ከስቶ፣ ላባውን ሊያፀዳ ሲሞክር ዘይቱን ውጦ ሆዱ ተቃጥሎ ነው ሚመጣው፣ መታጠብ ደሞ ለወፍ ከባድ ነገር ነው፣ ተይዞ፣ ተገለባብጦ፣ ረጥቦ። ማዕከሎች ለዚ ብለው ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ያሞቁታል፣ ፈሳሽ ይሰጡታል፣ ይመግቡታል፣ ደሙን ያያሉ፣ ይችላል ሲሉ ብቻ ያጥቡታል። እስከዛ ድረስ ዘይቱን እየላሰ እንዳይውጥ ይከታተሉታል።

ማጠቡም ቀላል አደለም። ውሃው 40፣ 41 ዲግሪ ገደማ፣ ሳሙናው ከመቶ አንድ ወይ ሁለት እጅ ብቻ፣ አንዱ ገንዳ ሲቆሽሽ ወደ ሌላኛው፣ ከዛ ወደ ሌላኛው፣ ሁለት ሰው ይዞት፣ ዓይኑ ዙሪያ በለስላሳ ብሩሽ። ከሁሉም ሚብሰው ግን ማለቅለቁ ነው፣ ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው ሚሸነፈው። ላባ ላይ የቀረች ትንሽ ሳሙና ልክ እንደ ዘይቱ ውሃ ታስገባለች። የወፍ ላባ ውሃ ማያስገባው ሰው እንደሚያስበው በወፉ ቅባት ብቻ አደለም፣ ላባው ላይ ያሉት ጥቃቅን ክሮች በጥቃቅን መንጠቆ እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ ዚፕ ስለሚዘጉ ነው ዋናው። ዘይቱም ሳሙናውም ያቺን ዚፕ ይከፍታሉ። በሻወር ግፊት ላባውን ገልበጥ እያረጉ ውሃው በራሱ ተንከባሎ መውረድ እስኪጀምር ድረስ ያለቀልቃሉ፣ ከዛ በሞቀ አየር ያደርቁታል፣ ከዛ ደሞ ወፉ ራሱ በምንቃሩ ላባውን አንድ ባንድ እስኪያስተካክል ይጠበቃል፣ ይሄን ሰው ሊሰራለት አይችልም።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ልፋት ያዋጣል ወይ" ለሚሉ፣ በሰኔ 2000 እ.ኤ.አ. ትሬዠር ሚባል መርከብ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን አጠገብ፣ በሮበን ደሴትና በዳሰን ደሴት መሀል ሲሰምጥ 19,000 ገደማ የአፍሪካ ፔንግዊኖች ዘይት ነካቸው። ሳንኮብ ሚባለው ከ1968 ጀምሮ የባህር ወፍ ሚያክመው ድርጅት በብዙ ሺህ ፈቃደኛ ሰው እየታገዘ አጠባቸው፣ 90 ፐርሰንት ገደማ ድነው ተለቀቁ። እኔ ግን ከዚ ታሪክ በጣም ምወደው ሌላውን ነው። ዘይቱ ገና ያልነካቸውን 19,500 ገደማ ፔንግዊኖች ሰብስበው በመኪና ፖርት ኤልዛቤት ወስደው ባህር ውስጥ ለቀቋቸው፣ 800 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል፣ ሀሳቡ እነሱ ዋኝተው ቤታቸው እስኪደርሱ ባህሩ ይፀዳል ነው። ፒተር፣ ፓሜላና ፐርሲ ያሏቸው ሦስት ፔንግዊኖች ላይ የሳተላይት መከታተያ አስረው ህዝቡ መንገዳቸውን በየቀኑ ይከታተል ነበር፣ እውነትም ዋኝተው ተመለሱ። ያንን ሁሉ ወፍ ለማዳን ትልቁ ዘዴ ማጠብ ብቻ ሳይሆን ቦታ መቀየርም ሆነ።

ጥያቄ፦ ማታ መንገድ መብራት ስር ትንሽ ጥቁር የባህር ወፍ ተቀምጣ አገኘሁ። ቁስል የላትም፣ ግን ወደ ላይ ስወረውራት ትወድቃለች። ልጅ ናት ወይስ ታማለች?

መልስ፦ አትወርውራት! ሺርዎተር ወይ ፔትረል ሚባሉት የባህር ወፎች ልትሆን ትችላለች። ጫጩቶቻቸው መጀመሪያ ከጎጆ ሚወጡት ማታ ነው፣ መብራት ሲያዩ ተደናግረው ይወርዳሉ፣ እግራቸው ከኋላ በኩል ስለተተከለ ከሜዳ ላይ መነሳት ያቅታቸዋል። ካርቶን ውስጥ አድርገህ ጨለማ ቦታ አሳድራት፣ ምግብም ውሃም አትስጣት፣ ጠዋት ለማዕከል ስጥ። ሀዋይ ውስጥ ካዋይ ደሴት ላይ ከ1979 ጀምሮ ነዋሪው እንዲህ የወደቁትን እየሰበሰበ ያስረክባል፣ ምርመራ ካለፉ ቶሎ ይለቀቃሉ። ምርመራው አይቅር፣ ወድቃ ውስጧ ተጎድታ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ያነሳሁትን ወፍ ለማገገሚያ ማዕከል ሰጠሁ፣ አሁን ላየው ስል እንኳን አላስገቡኝም። እኔ አድኜው እኔን ይከለክላሉ? በጣም ነው የከፋኝ።

መልስ፦ መከፋትህ ይገባኛል፣ ሳምንት ሙሉ ስለሱ ስታስብ ከርመህ በር ላይ መመለስ ያማል፣ በጥሩ ቃል ሊያስረዱህ ይገባ ነበር። ግን ውሳኔያቸው ትክክል ነው። እዛ ያሉት ሰራተኞች ራሳቸው እኮ አያወሩትም፣ ስም አይጠሩትም፣ በመጋረጃ ተከልለው ነው ዓሣውን ሚያስቀምጡለት፣ አንድ ሰው ገብቶ በወጣ ቁጥር ወፉ ይደነግጣል፣ የደነገጠ ወፍ አይበላም፣ የበሽታ መከላከያውም ይወርዳል፣ ያ ያልኩት ፈንገስ ደሞ እንዲህ አይነቱን ነው ሚጠብቀው። ወጣት ወፍ ከሆነ ደሞ ሰውን ከምግብ ጋር እንዳያገናኝ ይፈራል፣ እንዲህ የለመደ ወፍ ሲለቀቅ ጀልባና ሰው እየተከተለ ድጋሚ መንጠቆ ላይ ይሰካል።

እንዲህ አርግ። የገባበትን ቁጥር ጠይቃቸውና በስልክ ተከታተል፣ ክብደቱ ስንት ሆነ፣ ገንዳ ገባ ወይ፣ ዓሣውን ራሱ አነሳ ወይ ብለህ ጠይቅ፣ እንዲህ ብሎ ሚጠይቅ ሰው ደስ ይላቸዋል። ከቻልክ ፎጣና ካርቶን ውሰድላቸው፣ ዓሣው ላይ ሚጨምሩት ቫይታሚን ቢ1ም ሁልጊዜ ያስፈልጋቸዋል፣ በረዶ ውስጥ የቆየ ዓሣ ያንን ቫይታሚን ስለሚያጣ ለአንድ ኪሎ ዓሣ 25፣ 30 ሚሊግራም ካልተጨመረ ወፉ በነርቭ ህመም ይንቀጠቀጣል። እና የሚለቀቅበትን ቀን እንዲነግሩህ ለምናቸው፣ ብዙዎቹ ይሄን አይከለክሉም።

ብዙ ጊዜ ሚለቀቀው ጠዋት ነው፣ ማዕበል በሌለበት ቀን፣ የራሱ ዝርያ ሚታይበት ቦታ፣ ቀኑ ሙሉ ፊቱ ሆኖ ምግብ እንዲፈልግ። እግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ይታሰርለታል፣ ቁጥሩን ፃፈው፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል። ካርቶኑን ውሃው አጠገብ መሬት ላይ አስቀምጠው ከፍተው ዞር ይላሉ፣ ወደ አየር አይወረወርም። ቶሎ ላይወጣ ይችላል፣ እንዳትጣራው፣ እንዳትጠጋው፣ ለፎቶ ብለህም ፊቱ እንዳትቆም። ከወጣ በኋላ ሩቅ ሳይሄድ ውሃው ላይ ቁጭ ብሎ ረጅም ሰዓት ላባውን ሲያስተካክል ብታየው አትደንግጥ፣ ደህና ነው፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል።